አበባ የማይገባበት ክፍል

ሙዚየሙ ውስጥ ሁሉም «እትዬ ጢንዚዛ» ይላታል፤ እሷም ለምዳዋለች መሰል አቤት ትላለች። ሥራዋ የሞቱ ነፍሳትን መንከባከብ ነው። ከመሳቢያ በመርፌ የተሰካች ቢራቢሮ ታወጣለች፤ የት እንደተያዘች የሚናገረውን ጥፍር የሚያህል ወረቀት ከሥሯ በወረንጦ አላቃ ጎኗ ታስቀምጣለች፤ ፎቶ አንስታ፣ ኮምፒውተር ላይ መዝግባ፣ እንደነበረች ትመልሳታለች። ካስነጠሳት ጉድ ፈላ፤ ክንፉ ብን ይላል። ስለዚህ አታስነጥስም፣ አትቸኩልም፣ ስልክም አታነሳም።

ከልጇ ያቀያየማት ይኸው ስልክ ነው። ልጅቷ ምጥ ይዟት ደጋግማ ስትደውል፣ እናት ሆዬ የከፈትኩትን መሳቢያ ልጨርስ ብላ ቢራቢሮዎቿ ላይ አቀርቅራለች። ሆስፒታል ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ተኝቷል። «መሳቢያ ልጨርስ ብዬ ነው» ስትላት ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጠፋ። እትዬ ጢንዚዛ ሰው ፊት «የት ትሄዳለች፣ ትመጣለች» ትላለች እንጂ አንጀቷ አርሯል። የልጅ ልጇን አንዴ እንኳ አላቀፈችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሉ በር ተከፈተ። ልጅቷ ናት፤ በአንድ እጇ ሕፃኑን፣ በሌላው ትልቅ እቅፍ አበባ ይዛለች። ለእርቅ ባዶ እጅ መምጣት ከብዷት ነው። እናት ግን መጀመሪያ ያየችው አበባውን ነው። የደረቁ ነፍሳትን ቦርቡራ ዱቄት የምታደርግ፣ ሰሊጥ የምታህል ጢንዚዛ አለች፤ የምትመጣውም አበባ ላይ ተቀምጣ ነው። አፏ ቀደማት።

«እንዳትገቢ!»

ልጅቷ ክው አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ዞራ ሄደች። እስቲ አሁን «አበባውን ውጭ አስቀምጪው» ብትል ምን ነበረበት? ዕድሜውን ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ አፍ ግን እንዲህ ያለውን ከየት ያመጣዋል።

ቢራቢሮዋ ካሜራው ሥር ነበረች። እንዲህ አዝረክርኮ መውጣት እዚያ ክፍል ነውር ነው፤ እሷ ራሷ ስንቱን ተቆጥታበታለች። በሩን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች።

መውጫው ደረጃ ላይ ደረሰችባት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስለ ጢንዚዛዋ ልታስረዳ ሞከረች፤ ልጅቷ አላስጨረሰቻትም።

«መሳቢያሽን ጨርሰሽ ነው የመጣሽው?»

«አልጨረስኩም» አለች እናት። «እንደተከፈተ ነው።»

ልጅቷ አበባውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሕፃኑን አቀበለቻት።