ወንድሜ የለጠፈው ዝርዝር

ታላቅ ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «ቁልፉ» ይሉታል። የሚሠራው ኢንተርኔት የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የተሰረቀ ፊልም የሚለቁ ድረ ገጾች አድራሻ በደብዳቤ ሲደርሰው ይዘጋቸዋል። ጥላውን የማያምን ሰው ነው። የምሳ ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ሊፍት ውስጥ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ አይገኝም እል ነበር።

አምስት ዓመት የለፋሁበት ፊልሜ ሲኒማ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ተሰርቆ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት «እስከ ቅዳሜ አዳራሹ እኩሌታው ካልሞላ አወርደዋለሁ» አለኝ። እያለቀስኩ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። አይዞሽ እንኳ ሳይለኝ «ቅጂው ማን እጅ ነበር?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔንም የጠረጠረኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት ፊልሜን የለቀቀውን ገጽ ዘግቶ፣ እንደ ልማዱ የተዘጉት ገጾች ዝርዝር ላይ ጨመረው። ሐሙስ አዳራሹ ጭራሽ ጭር አለ።

«ከመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ምስጢር የሚያወጣ ሰው አለ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጥርጣሬው አጠገቡ በምትቀመጠው ቴክኒሻን ላይ አረፈ። ስትስቅ ጠረጠራት፤ መሳቅ ስታቆም ይበልጥ ጠረጠራት። ወንበሩን አዙሮ ኮምፒውተሯን ሲጠብቅ ዋለ። ምስኪኗ በመጨረሻ ቦታ ቀይሩልኝ ብላ አመለከተች።

ዓርብ ከሥራ በኋላ አብረን እናታችን ቤት ሄድን። እማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስልኳን ታያለች። ከስልኩ የሚወጣው የፊልሜ ተዋናይት ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከወንድምሽ ነዋ!»

«ከእኔ? መቼ ሰጠሁሽ?» አለ ወንድሜ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«የምትለጥፈው ዝርዝር አለ አይደል? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ ጥሩ ጥሩው ሁሉ እዚያ ላይ ነው አለችኝ። ተዘግቷል ብላት፣ ስልኬ ላይ ቪፒኤን የሚሏትን ነገር ነካ ነካ አደረገችና ከፈተችው። ሰፈሩ ሁሉ እኮ እንዲህ ነው የሚያየው! ደግሞ የእህትህ ፊልም እንዴት ያምራል መሰለህ፤ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።»

ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ ያለው ራሱ ወንድሜ ነው። ጉቦ በልቶ አንዱን ዘለለ እንዳይባል ፈርቶ፣ የዘጋውን ሁሉ ከነአድራሻው በድርጅቱ ገጽ ላይ ይለጥፋል። የሌቦቹን ደጅ የማያውቅ ሁሉ ከእሱ ተማረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ያቺ ቴክኒሻን ትዝ ስትለኝ እኔ አፈርኩ። እሱንማ ባንቀው ደስ ባለኝ።

እዚያው ቆሞ ደወለና ዝርዝሩን አስነሳ። በማግስቱ ቅዳሜ ትኬት ቆርጦ አዳራሽ መጣ። ሦስት ረድፍ እንኳ አልሞላም። የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስልክ ከፍ የሚያደርግ ሰው በዓይኑ ሲፈልግ ፊልሙ አለቀ። ስንወጣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት በር ላይ የተለጠፈውን የፊልሜን ፖስተር እየላጠ ነበር።

«እንዴት ነበር?» አልኩት ወንድሜን።

«ማንም አልቀረጸም» አለኝ ኮራ ብሎ።

እማዬ በስርቆት ሦስቴ አይታዋለች። ትኬት ቆርጦ የገባው ወንድሜ አንዴም አላየውም።