«ቆመ» ያልተባለለት ጉማጅ

የሰው ጉማጅ በጣቴ ገፍቼ የጣልኩበትን ጊዜ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ዳባት ውስጥ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት። የጉማጁ ባለቤት የእኔን ዕድሜ ያህል ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ውሃ ለመጠጣት እንኳ የማፍር ነኝ።

ጨዋታውን አስቀድሜ ካላስረዳሁ ድንጋጤዬ አይገባም።

ገበታው ሰባት በሰባት ነው፤ አርባ ዘጠኝ ቤት። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ አራት ጉማጅ። ጉማጅ የምንለው ቁመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ ጠርዛማ እንጨት ነው። ሲቆም አንድ ቤት ይይዛል፣ ሲተኛ ሁለት። አይነሳም፣ አይንሸራተትም፤ በጠርዙ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው ያለው። የቆመው ሲገለበጥ አጠገቡ ባሉት ሁለት ቤቶች ላይ ይተኛል። የተኛው በቁመቱ በኩል ከተገለበጠ ይቆማል፤ በጎኑ ከተገለበጠ እንደተኛ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። በየተራው አንድ ግልበጣ። ሌላ ጉማጅ ያለበት ቤት ላይ መውጣት የለም። በየተጫዋቹ የመጀመሪያ ረድፍ መካከል ያለችው ቤት በር ትባላለች፤ ጉማጁን በባላጋራው በር ላይ ያቆመ አሸነፈ። ተኝቶ በሩን መንካት አይቆጠርም።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚስማማበት ነው። እኔ የማውቀው ሕግ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። ጉማጅህን ባቆምክ ቁጥር ባላጋራህ እንዲሰማ ጮክ ብለህ «ቆመ!» ማለት አለብህ። ዝም ካልክ ባላጋራህ ጉማጅህን በጣቱ ገፍቶ ወደፈለገው ጎን ይጥለዋል፤ ተራውም አይነካበትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አንድ ሲደመር አንድ አውቀው ነበር።

ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሰሜን ተራሮች ከሚወጡ እንግዶች ጋር እየተጓዘ ምግብ ያበስል ነበር፤ በደባርቅ «ኩክ» የሚባለው ሥራ። ጨነቅ ካምፕ ላይ ጭጋግ ሦስት ቀን ሲይዛቸው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከሻንጣው የዚህን ጨዋታ ሳጥን አውጥቶ አጫወተው፤ ሲለያዩም ሳጥኑን ሸለመው። አባቴ ከበቅሎ ጭነት ጋር ይዞት መጣ። ሳጥኑ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ አይደለም። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው አባቴ «የፋብሪካው አድራሻ ይሆናል» አለኝ። እንዳለኝ ተቀበልኩ።

ጠንቃቃ ነሽ እባላለሁ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የፈተና ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳላይ አላስረክብም። ያን ወረቀት ግን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከወጣሁም በኋላ፣ አንድም ቀን ዘርግቼ አላየሁትም። ሕጉ በአባቴ አፍ ነበራ።

ደባርቅ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ አንድ አናጢ ተጨማሪ ጉማጆች ቆረጠልኝና የጨዋታ ክበብ አቋቋምኩ። ክፍሉ በ«ቆመ!» ጩኸት ሲሞላ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩት ግድግዳ ይመቱ ነበር። አንድ ቀን ከዳባት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ጨዋታውን ኢንተርኔት ላይ አይተው በወይራ አስቆርጠው ለተማሪዎቻቸው አስተምረዋል።

«የእኛው ጨዋታ ነው፤ ባለ ሰባት ገበታ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሕጉን ጠንቅቀሽ ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«በቃ! ልጆቻችንን እናጋጥማቸዋ። መጀመሪያ እኔና አንቺ ተጫውተን እናሳያቸዋለን።»

ይኸው ነው። «የእርስዎ ሕግ እንዴት ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እኛ ዘንድ በዕድሜ የሚበልጥን መምህር እንዲህ ብሎ መጠየቅ ቄስን «ቅዳሴውን ያውቁታል ወይ?» እንደማለት ነው። እሳቸውም አንዲት ወጣት መምህርት አውቃለሁ ካለች ሕጉን አንድ በአንድ ማስቆጠር ነውር መስሏቸው አለፉት። ሁለታችንም በጨዋነት ዝም አልን።

በቅዳሜው ስምንት ተማሪዎቼን ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመምህሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ተራዬ ላይ የመጀመሪያውን ጉማጅ አቆምኩና «ቆመ!» አልኩ።

ሳቅ ተነሳ። መምህሩም ፈገግ አሉ፤ ልጅነት መስሏቸው መሆን አለበት። የእኔ ተማሪዎች ግን አልሳቁም። ለምን እንደሚሳቅ አልገባኝም፤ ድምፄ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከጥቂት ተራ በኋላ መምህሩ አንድ ጉማጅ ገበታው መሀል ላይ፣ ልክ ከእኔ በር ፊት ለፊት አቆሙ። በመካከል ያሉት ሁለት ቤቶች ባዶ ናቸው፤ የእኔ ጉማጆች ወደፊት ሄደው ርቀዋል። ሁለት ግልበጣ ቀራቸው፤ አንዴ መተኛት፣ አንዴ በእኔ በር ላይ መቆም። ቆጠርኩት፤ መዝጋት አልችልም። ግን ምንም አላሉም! አፋቸውን ተመለከትኩ። ዝም። «ቆመ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም። እንዲህ ያለ መምህር እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል ብዬ ማመን አቃተኝ። ላስታውሳቸው አሰብኩ፤ አፈርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከኋላዬ «ቲቸር፣ ይጣል እንጂ!» ብላ አንሾካሾከች።

ጣቴን ዘርግቼ ጉማጃቸውን ወደ ግራ ጣልኩት።

እንጨት ገበታ ላይ ሲወድቅ ያን ያህል ይጮኻል ብዬ አላስብም ነበር። መምህሩ እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ። አንዴ ጉማጁን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ምን አደረግሽ?»

«አልጠሩትም… ጋሼ… ቆመ አላሉም።»

«ምን ማለት ነው ቆመ?»

ከኋላ አንዱ «ኧረ አጭበረበረች!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ቀጠለ፦ «ደባርቆች በእጅ ነው እንዴ የምትጫወቱት?» ተማሪዎቼ ተነስተው «ሕግ ነው! ሕግ ነው!» አሉ። መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው ሕጉን ከፈቱና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጩኸት የሚል የለም። በጣት መጣል የሚል የለም። ስልኩን ሰጡኝ፤ እኔም አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። የማውቀው ሁሉ አለ፤ ያ አንዱ ብቻ የለም።

ምድር ብትከፈት ደስ ባለኝ። ቀጥለው የሚጫወቱት ስምንቱ ልጆች እኔ ባስተማርኳቸው ሕግ ሊጫወቱ የመጡ ናቸው። እኔ አጭበርባሪ ከተባልኩ እነሱም የአጭበርባሪ ተማሪዎች ናቸው። ፈተና ላይ የጎረቤቱን ወረቀት ያየ ልጅ ስይዝ የምናገረው ቃል ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ መሳቂያ ይሆናል።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህሩ፤ ቁጣቸው ግን በርዶ ነበር።

«አባቴ። እሱን ያስተማረው የጨዋታው ባለቤት ፈረንጅ ነው።»

«አሉ አባትሽ?»

«አሉ፤ ደባርቅ።»

«ደውይላቸዋ። ሁሉም ይስማ።»

ስልኬን ገበታው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት። አባቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«አባዬ፣ ያ ጉማጅ ስናቆም የምንለው… ፈረንጁ ነው አይደል ያስተማረህ?»

«የቱን?»

«ቆመ የሚለውን። ካላሉ መጣሉን።»

ሳል ተሰማ።

«ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

«ንገረኝ በቃ።»

«እኔና ፈረንጁ ምን ቋንቋ ነበረን? በእጁ ነው ያሳየኝ፤ አገለባበጡን አየሁ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አየሁ። ጩኸቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንቺ አትናገሪማ! ሰባት ዓመት ሞልቶሽ ከእናትሽና ከእኔ በቀር ለሰው ቃል አትተነፍሽም። ደጀ ሰላም ላይ ‹ልጂቱ ዲዳ ናት እንዴ?› ብለው ጠይቀውኛል። ጨዋታውን ስትወጂው አየሁ፤ እንግዲህ ካልተናገረች ይውደቅባት አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጮኽሽ። እናትሽ ከጓሮ ሮጣ መጣች።»

ዲዳ ናት ተብዬ እንደነበር አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የታመንኩበት ሕግ ለእኔ ብቻ የተሠራ መሆኑ፣ እሱንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በስልክ መስማቴ፤ በየትኛው አስቀድሜ እንደምደነግጥ ጠፋኝ።

«ማነው አጠገብሽ ያለው?» አለ አባቴ።

«ሁሉም። አዳራሽ ነው።»

«ኧረ! እንዴት ዋላችሁ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

መምህሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አባት፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ጉማጄን ጣለችብኝ።»

«ቆመ አላሉም?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘጋሁና ተነሳሁ። መነሳቴን ያወቅኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፤ ከኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙ አድርጌ። «ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት። ልጆቹ የተጫወቱት እኔ ያስተማርኳቸውን ነው፤ እነሱ ምንም አላጠፉም።» የወደቀውን ጉማጅ በእጄ አንስቼ በነበረበት መሀል ቤት መልሼ አቆምኩት። ከዚያም ተቀምጬ ተራዬን ተጫወትኩ፤ ለከንቱ።

መምህሩ ጉማጃቸውን አስተኙ። እኔ ሌላ ገለበጥኩ። እሳቸውም በእኔ በር ላይ አቆሙት። ተሸነፍኩ። ጭብጨባው ከመነሳቱ በፊት ግን እጃቸውን ከጉማጁ ላይ ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝና ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ቆመ» አሉ።

«አልተሰማም ጋሼ!» አለች ያች ተማሪዬ።

«ቆመ!» ብለው ጮኹ። የእሳቸው ተማሪዎች መምህራቸው ሲጮኹ ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፤ ለአፍታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት የጠየቅኩት እኔ ነኝ፦ «በየትኛው ሕግ ይጫወቱ?» በስልኩ ሕግ እንዲሆን ተስማማን። የእኔዎቹ በየመሀሉ «ቆመ!» እያመለጣቸው አፋቸውን በእጃቸው ይይዙ ነበር። ሦስቱ አሸነፉ፣ አምስቱ ተሸነፉ። አጭበርባሪ ያለን ግን አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደባርቅ ደረስኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ገበታውን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ያንን ወረቀት አወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ተቀዷል። የስልኬን ካሜራ ደግኜበት አስተረጎምኩት። አድራሻ አልነበረም፤ ሕጉ ነበር። እያነበብኩ ለአባቴ ነገርኩት።

«ስለ መጮህ ምንም አይልም?» አለ።

«አይልም።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያስ ጎድሎታል።»

መጫወት ጀመርን። የምቆጣው፣ የማመሰግነው፣ የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ፤ አንዱም ከአፌ አልወጣም። ዲዳ ናት እንዴ ያሉት እነማን ይሆኑ እያልኩ አንዱን ጉማጅ አቆምኩ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ዝም አልኩ። አባቴ ጠበቀኝ። እንደገና ጠበቀኝ። ከዚያ በድስት ጥላሸት የጠቆረ ጣቱ ቀስ ብሎ መጣና ጉማጄን ወደ ጎን ገፍቶ ጣለው።