ለነፋስ የተከፈተ ክምር

ጡብ ሠሪዋ እርጥብ ጡብ ስትደረድር በየመሃሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተዋለች። ክፍተቶቹ ደረቁ ነፋስ ወደሚመጣበት፣ ከባሕሩ ተቃራኒ ወደ የብሱ በኩል ይከፈታሉ። ነፋሱ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ የጭቃውን ውኃ ይዞት ይሄዳል። በደንብ የደረቀ ጡብ ከጓደኛው ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ልቡ እርጥብ የሆነ ግን እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ዕድሜዋን ለሰው ቤት ጡብ ስትሠራ ኖራ፣ ለራሷ ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን የሰጣት እስከ ወሩ መጨረሻ ግድግዳ እንድታቆም ነው፤ ካልሆነ ለተረኛ ያልፋል። የሚኖሩባትን ክፍል አከራዩ ሊያፈርሳት ነው። ባሏ ደግሞ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይወርድም።

በሬዲዮ የአየር ትንበያ ባለሙያው ሩቁ ትልቅ ውቅያኖስ መቀዝቀዙን፣ የዘንድሮው ዝናብም ሳያንስ እንደማይቀር ተናገረ። ቢሆንም ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ክምሩን በላስቲክ እንሸፍነው አላት። በላስቲክ ከተሸፈነ ያልበዋል፣ ያላበው ጡብ አይደርቅም፣ ቀኑም አልቋል ብላ እንቢ አለች፤ ከላይ ሣር ብቻ ከደነችው።

«ሰማዩንም ከማዘጋጃ ቤቱ ተመርተሽዋል እንዴ፣ እትዬ?» አላት።

ባለሙያው አልዋሸም። ውኃ ሲሞቅ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ሽቅብ ይወጣል፤ የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ነፋስ ከጎን ይመጣል። የወጣው አየር ዝናቡን እዚያው ጥሎ፣ ደርቆ ሌላ አገር ላይ ይወርዳል፤ በሚወርድበት ሰማዩ ይጠራል። አንድ የጋለ ውኃ ስንት ወር የሚያስኬድ መንገድ ተሻግሮ የሰው ጓሮ ማድረቁ እንዴት ይደንቃል! ሩቁ ውቅያኖስ መሃሉ ሲቀዘቅዝ የጋለው ውኃ ወደ ማዶ ዳርቻው ይሰበሰባል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ደረቁ አየር የሚወርደው እነሱ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ውቅያኖሱ አንድ ብቻ አይደለማ። በዚያ ዓመት የቅርቡ ባሕር በእነሱ በኩል ሞቀ። አየሩ እዚያው አጠገባቸው መውጣት ጀመረ፣ ነፋሱም ዞሮ ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ መጣ። ባለሙያው «ሳያንስ አይቀርም» ነበር ያለው፤ ቀን የጠበበባት ሴት የሰማችው ግን «አይዘንብም» ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሏን ስታገላብጥ በባሕሩ በኩል ያለው መስኮት ተንጓጓ። ወጥታ ሮጠች። ዝናቡ በአግድም ነበር የሚመጣው፤ ለደረቁ ነፋስ የከፈተቻቸው ክፍተቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ውኃ አስገቡ። ከዋርሳዋ ጋር ላስቲክ ለማልበስ ቢታገሉም ነፋሱ ከእጃቸው ነጠቃቸው። የታችኛው ረድፍ ላላ፣ ከዚያ ክምሩ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። ሁለት ጡብ አንስታ አጋጨቻቸው። ተጣብቀው ቀሩ።

ዋርሳዋ ሊያጽናናት ባሕር ሞቆ እንደማይቀር፣ ተራውን ጠብቆ እንደሚቀዘቅዝ ነገራት።

«ማዘጋጃ ቤቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቀኛል?» አለችው።

ቀን እንዲጨመርላት ለመነች። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ በትሕትና ዝናቡ ያልነካው ሰው እንደሌለ፣ ለእሷ ከጨመረ ለሁሉም መጨመር እንደሚኖርበት አስረዳት።

ወሩ አልቆ ባልና ሚስት ተረኞች ሜትር ይዘው ሲመጡ ጭቃውን እየዛቀች ነበር። ባልየው የቀን ሠራተኛ መስላው የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ አላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ያዘችለት።