የልጆቼ እናት የገበያ ቀን

የልጆቼ እናት ሱቅ በር ላይ የተንጠለጠለ የሕፃን ካልሲ አይታ ዝም ብላ ማለፍ አትችልም። ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ካልሲ ይዛ ትመለሳለች። ካልሲው ላይ ጥንቸል አለ። እኛ ቤት ያን ካልሲ የሚያክል እግር ያለው ሰው የለም፤ የመጨረሻው ልጃችን እንኳ ኳስ መትቶ የጎረቤት መስኮት የሚሰብር ሆኗል። «ለማን ነው?» ስላት «ይገኝለታል» ትላለች። ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ወገቤን ያመኛል።

እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ሻንቶ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ባለችው ሱቄ፣ አልጋ፣ በርና የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ የቀረውን ከመጻሕፍት ራሴ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ያወቅሁትን ለሌላው ሳላካፍል ማደር አይሆንልኝም። ስለ ልብስ ያለኝ አቋም አጭር ነው። ልብስ ገላ ይሸፍናል፣ ብርድ ይከላከላል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ለልጅ ሲሆን ሁለት ቁጥር ከፍ ተደርጎ ይገዛል፤ ያድግበታል። ቀለሙም ቆሻሻ የሚችል ይሁን። ቢራቢሮ የተለጠፈበት የፀጉር ማስያዣ፣ የድብ ጆሮ ያለው ኮፍያ፣ ሲረገጥ መብራት የሚያበራ ጫማ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ከልጅነቱ ታይታ ያስለምዱታል። ይህን በየእራቱ እናገራለሁ። ልጆቹ እየሰሙኝ ወጡን ይጨርሱታል። እናታቸው «ልክ ነህ» ትልና በማግሥቱ የድብ ጆሮ ገዝታ ትገባለች።

ከዓመቱ ግን አንዷ ቀን የብቻዋ ናት። ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሲቃረብ ልጆቹን ለማልበስ ሶዶ የምትሄድበት ቅዳሜ። ለእኔ ጊፋታ ማለት ከጎረቤት ጋር ሆነን የምናርደው በሬ ነው። ለእሷ በሬው ከጫማ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በዋዜማው ፀጉሯን ትሠራለች፤ ጠዋት ትልቁን ዘንቢል ይዛ እያንጎራጎረች ትወጣለች። ስትመለስ እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል። የገዛችውን ብቻ አይደለም ይዛ የምትመጣው፤ ያልገዛችውንም ነክታ፣ አሽትታ፣ ተከራክራበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምታወራው ትታው ስለመጣችው ቀሚስ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ ይህን ነገር ላስቆም ተነሣሁ። መጀመሪያ የንስሐ አባታችንን ከጎኔ ለማሰለፍ ሞከርኩ። ቤታችንን ጠበል ሊረጩ በመጡ ዕለት በር ላይ ጠብቄ፣ ስለ ከንቱ ጌጥ አንድ ሁለት ቃል እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው። አባ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ሰው ማጌጥ ያለበት ከውስጥ ነው፤ የውጭው ጠፊ ነው» ብለው ጀመሩ።

«እውነት ነው አባ» አለች ባለቤቴ። ዓይኗ ካባቸው ጠርዝ ላይ ባለው ወርቃማ ክር ላይ ነበር። «ለልጄ ቀሚስ ስፈልግ የኖርኩት እንዲህ ያለ ክር ነው። የት ነው ያሰፉት?»

አባ ካባቸውን አዩ። ቀጥለው የትንሹን ልጄን ራስ አዩ፤ የድቡን ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይቺ ኮፍያ ጆሮ ታሞቃለች?» አሉ።

«በጣም እንጂ።»

«የልጄ ልጅ ብርድ ሲነካው ጆሮውን ያመዋል። ገበያ ከወጣሽ አንድ ብትይዥልኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ቤቱን ረጩ፤ የድቡንም ጆሮ አልዘለሉትም። እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ራሴ ካልተነሣሁ ነገሩ እንደማይቆም ገባኝ።

«ዘንድሮ ገበያውን የምሄደው እኔ ነኝ» አልኳት። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ለበዓሉ ቅቤ እያነጠረች ነበር።

«አንተ?»

«እኔ። የልጅ ልብስ እንዴት እንደሚገዛ አሳይሻለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። ድስቱን አወረደች፣ እጇን ጠረገችና ዘንቢሉን ከግድግዳው ላይ አንሥታ ሰጠችኝ። ፀጉሯን ተሠርታ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። ቃሌን ግን አላጠፍኩም፤ አንዴ የተናገርኩትን የማጠፍ ልማድ የለኝም፤ ይህንንም ከጥሩ ጠባዮቼ አንዱ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

«የልጅቷ እግር ደግሞ ይኸው» ብላ መስኮቱ ላይ የነበረ አንድ ቀጭን እንጨት ጨመረችልኝ። ሴቷ ልጃችን ክረምቱን ሁምቦ፣ አያቷ ዘንድ ነበረች። አያቷ፣ ማለትም አማቴ፣ እንደ አገሩ ልማድ የልጅቷን እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በወይራ እንጨት ለክተው፣ ልኩ ላይ ቆርጠው፣ በሰው ልከዋል። ሱቅ ተሂዶ እንጨቱ ጫማው ውስጥ ይገባል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከደረሰ ጫማው ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ሜትር ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ የምውል ሰው ስለሆንኩ ፈገግ ብዬ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በማግሥቱ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሻንቶ ላይ ቆየ። ረዳቱ ሶዶ፣ ሶዶ ይላል፤ ሶዶ የሚሄድ ሰው የለም። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በታይታ እንዴት እንደሚያበላሹ አስረዳው ጀመር። ሰውየው ፊቱን አዙሮ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ግን እንደተንቀሳቀስንም አላቋረጥኩም፤ ጥርሴን እየፋቅሁ፣ የተላላጠውን ጫፍ እየነከስኩ በመስኮት እየተፋሁ፣ ትምህርቱን ሶዶ ድረስ ቀጠልኩ። መፋቂያውን ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልካም ነበር።

ባለቤቴ ሁልጊዜ የምትገዛበት ሱቅ የአንድ ስልጤ ነጋዴ ነው። የሻንቶዋ ደንበኛህ ባል ነኝ አልኩት።

«ምነው፣ ታመመች እንዴ?»

«ደኅና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው።»

ያመነኝ አይመስለኝም። ግራጫ ሱሪዎችና ቡናማ ሹራቦች፣ ሁለት ሁለት ቁጥር ከፍ ያሉ፣ አስወረድኩ። ነጋዴው እያጣጠፈ «ልጆቹ እስር ቤት ሊገቡ ነው?» አለኝ። ጫማ አምጣ አልኩት። ጫማ ሰፊ ከሆነ ስለሚያሰናክል በጫማ ብቻ ልክ አጥባቂ ነኝ፤ እንጨቱን ከኪሴ አውጥቼ አንድ ጥቁር ጫማ ውስጥ ከተትኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ከሱቁ ስወጣ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም። እሷ ቀኑን ሙሉ የምትፈጅበትን ሥራ እንዲህ ጨረስኩት ብዬ ኮራሁ።

ቤት ስደርስ ልጆቹ ተሰለፉ። ትልቁ ሹራቡን ለብሶ እጅጌውን ደጋግሞ ጠቀለለ። ትንሹ እጅጌውን ወደ ላይ እያራገበ «አባዬ፣ እጄ የት ሄደ?» አለኝ። እናታቸው ሹራቡን ትታ ወደ ጫማው ሄደች። ጫማውን አገላብጣ አየችና «እንጨቱስ?» አለች።

አውጥቼ ሰጠኋት። አንዱ ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ነው። ሌላው እንደ ቀለም ቡሩሽ ተበትኗል። እንጨቱን አየች፣ አፌን አየች፣ እንጨቱን ደግማ አየች።

«ፍቀህበታል» አለች።

እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «ብዙም አላጠረም» አልኩ።

«ለጥርስህ ብዙ አይደለም። ለእግሯ ግን አውራ ጣቷን ነው የበላኸው።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ልጆቹ ስትስቅ አይተው ሳቁ። ከቤቱ ሁሉ ያልሳቅነው እኔና ድመቷ ነን።

ስልክ አነሣችና እናቷ ጋ ሁምቦ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እኔ አማቴ ፊት እግሬን አነባብሬ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም።

«እማዬ፣ የልጅቷን እግር እንደገና ለክተሽ ላኪልኝ።»

«የላክሁት ምን ሆነ?»

ዞራ አየችኝ። በዓይኔ ለመንኳት።

«አባቷ ጥርሱን ፋቀበት።»

«በሬው እስኪታረድ አላስችል አለው?» አሉ አማቴ። «ሌላ እንጨት አልልክም፤ እሱንም ይበላዋል። ልጅቷን ራሷን ይዤ ሶዶ እመጣለሁ። አንቺም ነይ።»

እንዲህ ሆኖ፣ አንዲት ሴት ከገበያ ላስቀር ተነሥቼ ሦስት አወጣሁ። ጫማውን የገዛሁት እኔ ነኝና እኔው ልመልሰው ብዬ አብሬ ሄድኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም አልናገርም።

ነጋዴው ባለቤቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። አንድ ቀሚስ አወረደላት። በሁለት ጣት ይዛ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው።

«ይሄ የተሰፋው ለአሻንጉሊት ነው፤ የሰው ልጅ አይገባበትም።»

«እህቴ፣ ባለፈው ባልሽ ሳይከራከር ነው የሄደው።»

«እሱ እንጨት የሚበላ ሰው ነው። የእሱን ዋጋ ለእኔ ታወራልኛለህ?»

አማቴ የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ በሩ አመሩ። «ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣልዎት» አለ ነጋዴው። ተመለሱ። ሊሄዱ እንዳልነበረ እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ያላወቅሁት ዘንቢሉን አንሥቼ የተከተልኳቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ባለቤቴን አየኋት። ከዱንጉዛ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ካለው የወላይታ የሽመና ጨርቅ፣ የተሰፋ ቀሚስ አግኝታ ስፌቱን ገልብጣ ታያለች፣ እጅጌውን ትዳስሳለች፣ ልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ ራቅ ብላ ትመለከታለች። እኔም አንድ በር ስጨርስ በመዳፌ እንዲሁ እዳብሰዋለሁ፤ ሰው ሲያልፍ እንዲያየውም ሱቄ ፊት አቆመዋለሁ። ያንን ማንም ለታይታ ነው ብሎኝ አያውቅም። ይህ ሐሳብ ደስ አላለኝም፤ ግን መጣ።

ልጄ ሁለት ጫማ ይዛ ፊቴ ቆመች። አንዱ ጥቁር ነው። ሌላው ሲረገጥ የሚያበራው ነው።

«አባዬ፣ የቱ ይሻላል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሻይ ያመጣው ሰውዬ ሳይቀር ቆመ።

«ጥቁሩ ዕድሜ አለው» አልኩ። እውነት ነው፤ አሁንም አልክድም። ከዚያ የሚያበራውን ተቀበልኳትና ተረከዙን በመዳፌ መታሁት። በራ። እንደገና መታሁት።

«ስጣት፤ ባትሪውን ጨረስከው» አለች ባለቤቴ።

ያንኑ ገዛን። ለአባም የልጅ ልጅ የድብ ጆሮ ያዘች። ጥቁሩ ጫማ ተመለሰ፤ ሹራቦቹ ግን ሣጥን ውስጥ ልጆቹ እስኪያድጉ እየጠበቁ ናቸው፤ እንደሚያድጉባቸው አልጠራጠርም።

ዘንድሮ ገበያው ሲቃረብ ባለቤቴ ሱቄ መጣች። የሬሳ ሣጥን ሊያሠራ የመጣ ሰው አጠገቤ ቆሟል። ሰላም አለችው፣ ነፍስ ይማር አለችው፣ ከዚያ ሜትሩን ከወገቤ ላይ ፈታች።

«ለልጆቹ እግር ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ብረት ይሻላል።»

ሐዘንተኛው ፊት አልሳቅሁም። እሷም መንገዱን እስክትሻገር ታገሠች፤ ከዚያ ግን ሳቋ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ያን ሣጥን በስንዝር ለክቼ ሠራሁት። ሟቹ ቅሬታ አላሰማም።