ከነጩ አንሶላ ስር

አጎቴ ፎቶ አንሺ ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ ዓይኖቹ ከደከሙ ወዲህ ካሜራውን የሚያነሳው አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነው። ሱቁን ቅዳሜ ለአዲስ ተከራይ ስለሚያስረክብ፣ ልጄን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስሸክፍለት ሰነበትኩ።

ከሁሉ የከበደኝ «ቀሪ» የሚል የተጻፈበት ትልቁ ካርቶን ነበር። አጎቴ ይህን ቃል የማይለጥፍበት ነገር የለም። ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው ጉርድ ፎቶ ቀሪ ነው። ለሱቁ የምትቀመጠው ኮፒም ቀሪ ናት። አንድ የተማሪዎች ፎቶ አለ፤ በሁለተኛው ረድፍ ላይ የአንድ ልጅ ቦታ ክፍት ነው፣ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ገለል ብለው ጠብቀውታል። ከጀርባው «ቀሪ» ይላል። ሌላው ላይ አንዲት ሴትዮ ለአራት ሰው በሚበቃ ሶፋ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከዓመታት በፊት በዚያው ሶፋ ላይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ፎቶ ተነስታ ነበር፤ ብቻዋን ስትመለስም ያንኑ ጫፍ መረጠች። እሷም ቀሪ። ካርቶኑን ስከፍት ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና ብለው ያዩኝ መሰለኝ።

እኔ የምፈልገው ግን የእናቴን ፊት ነበር። እናቴ የአጎቴ ታናሽ እህት ናት፤ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ትረዳው ነበር። እኔ ስድስት ወር ሲሆነኝ ሞተች፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ፎቶ አንሺ ወንድም እያላት አንድም ፎቶ የላትም። በጠየቅኩት ቁጥር «መነሳት አትወድም ነበር» ይልና ወሬ ይቀይራል። አሁን ደግሞ የአራት ዓመቷ ልጄ ሚጢ «የአንቺ እማዬ ምን ትመስላለች?» ማለት ጀምራለች። ምን ልበላት? ቅዳሜ ደግሞ ካርቶኑ ይጣላል።

ሐሙስ ከሰዓት የሕፃናቱን ፎቶ ለብቻ ለይቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ከመቶ ይበልጣል። ገና መቀመጥ የማይችሉ ጨቅላዎች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ነጭ አንሶላ የለበሰ ወንበር አለ። ሚጢ በሆዷ ተኝታ ስታያቸው ቆየችና፣

«ወንበሩ ጣት አለው» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ከሕፃኑ ብብት ስር፣ በአንሶላው እጥፋት ውስጥ አራት ጣቶች ጎልተው ይታያሉ። ሌላ አነሳሁ፤ እዚያም አሉ። ወንበር ያልኩት ነገር ትከሻ ነበረው፣ ጉልበት ነበረው።

«ጋሼ፣ አንሶላው ውስጥ ያለው ማነው?»

አጎቴ ፎቶውን ማየት አላስፈለገውም። «እናትሽ ናት። ሕፃን ደግፎ መያዝ የእሷ ሥራ ነበር። አንሶላውን ትከናነብና ልጁን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። እሷ የያዘችው ልጅ አያለቅስም። ‹መንፈሷ መጣች› እያልኩ አሾፍባት ነበር። ‹መንፈስ ብሆን ይሄ አንሶላ አይሞቀኝም ነበር› ትለኛለች።»

«እኔን ፎቶ ያነሳኸኝ ዕለትስ?»

መኝታ ቤቴ የተሰቀለ አንድ የሕፃንነት ፎቶ አለኝ። ከራሴ በላይ ነጭ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ግድግዳ ይመስለኝ ነበር።

«የአንቺ ዕለት አንሶላው ተንሸራተተ» አለ አጎቴ። «ልክ ካሜራውን ስጫነው። ፊቷ ወጣ፤ እየሳቀች ነበር። እኔ ደግሞ ፎቶው ተበላሸ ብዬ፣ ለደንበኛ እንደማደርገው ኔጋቲቩ ላይ በቀይ ቀለም ደፈንኳት፤ ሲታተም ነጭ ብቻ እንዲወጣ። ሥራዬን ማሳመሬ ነበር። እሷንማ ሌላ ቀን በደንብ አነሳታለሁ አልኩ። በሦስተኛው ወር ሞተች።»

«ኔጋቲቩስ?»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የክብሪት ቀፎ አታክልም። «ሃያ ስድስት ዓመት ልጠርገው እያልኩ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ከቀለሙ ጋር አብራ ብትጠፋስ?»

«ቀለሙን በምን ነበር የምትበጠብጠው?»

«በውሃ።»

«እንግዲያው በውሃ ይለቃል፣ ጋሼ። ተደፍና ከምትኖር ይሞከር።»

ውሃ ለብ አደረግኩ። ሚጢ ጨቅላ ሳለች ዓይኗ በዓይናር ሲጣበቅ እንዳጸዳሁላት ጥጥ ነክሬ፣ ሳልጫን፣ ከዳር ጀመርኩ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «እንዳትፍቂው» ይላል በየደቂቃው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥጡ ቀላ። በግራ በኩል ፊልሙ ትንሽ ተላጠ፤ ጉንጯና ጆሮዋ ከቀለሙ ጋር ሄዱ። እጄን ግን አላቆምኩም።

ሲያበቃ ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። አፏ አለ፣ እየሳቀ። አንድ ዓይኗ አለ። ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ ስለሚያደርግ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ የሞተችው እናቴ ፀጉሯ በሙሉ ሸብቷል። እኔ ጭኗ ላይ ነኝ፤ እኔም ሸብቻለሁ።

ሚጢን አቅፌ አሳየኋት። አተኩራ አየች።

«አርጅታለች» አለች።

አጎቴ ከግድግዳው ዞረ። «ምን አለች ልጅቷ?»

«አርጅታለች አለች።»

«እሰይ» አለ አጎቴ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «ታርጅ።»