የፈታነውን ስናስር

ትናንት ቅዳሜ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት። የአዳማ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ አቧራውን እያነሳ ነበር። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተቀመጥነው ሁለት ነን፤ እኔና አዴ ወርቄ፣ የእህቴ ልጅ የሰብለ አማት። የሰብለ ባል መተሐራ አገዳ ቆረጣ ላይ ነው፤ ተደውሎለት መንገድ ጀምሯል።

ሰብለ ወለንጪቲ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም... ጠበቁ፣ መርፌ ወጓት፣ አልወጣም። በአምቡላንስ ይዘናት መጣን። ሕፃኑን እኔ ታቅፌያለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ማህፀኗ አፉን ገጥሞ እንግዴ ልጁን እንደያዘው፣ ጡንቻውን የሚያላላ ኪኒን ከምላሷ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ሊስቡት እንደሚሞክሩ ነገረን። እምቢ ካለ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ በእጅ ይወጣል አለ። ኪኒኑ እዚያ ስለሌለ ሕፃኑን ለአዴ ወርቄ ሰጥቼ ከውጭ ልገዛ ወጣሁ። ፋርማሲስቷ የልብ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ... ወላድ ናት ስላት የሐኪሙን ወረቀት ደግማ አየችው።

እኔ ያገኘሁትን ብጣሽ ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። ከኪኒኑ ጋር ያለውን ወረቀት እያነበብኩ ተመለስኩ፤ ስለ ልብ እንጂ ስለ ወላድ የሚል ቃል አጣሁበት።

አዴ ወርቄ ሕፃኑን አግዳሚው ላይ አስተኝተው፣ መቀነታቸውን ፈትተው ጠበቁኝ። በእሳቸው ቤት ምጥ ሲጠና የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታል።

«ጸጉርሽንም ፍቺ» አሉኝ። «ጫማሽንም። ያንን ጨርቅም።»

ሐኪሙስ ያለው ይኸንኑ አይደል ብዬ ፈታሁ። የሕፃኑን ልብስ የቋጠርኩበትን ነጠላ ሳይቀር።

ብዙም አልቆየ፤ ነርሷ ብቅ ብላ ወጥቷል አለችን። አዴ ወርቄ እጄን ጨበጡ። «ማርያም ማረቻት» አሉ። በተከፈተው በር ሰብለን አየኋት፤ ራሴን አመመኝ እያለች ፈገግ ብላለች።

ከዚያ ሩጫ ሆነ... ደሙ አልቆም አለ። ነርሷ ደም ልታመጣ ስትወጣ ምን ሆነች ብዬ ያዝኳት።

«ማህፀኗ ላልቶ ቀረ። መጠንከር ነበረበት» ብላኝ ሄደች።

አዴ ወርቄ ሰምተዋል። መቀነታቸውን አንስተው መታጠቅ ጀመሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የእኔን ጫማ አሰሩ፤ እናቴ የሚሆኑ ሴት።

«እሰሪ ልጄ፤ ጠበቅ አድርጊው። ያ ዋቃ፣ አምላኬ... እኛ ነን የፈታናት።»

ነጠላውን ባለኝ ጉልበት ሁሉ ቋጠርኩት፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ውስጥ መርፌ ይወጓታል፣ ሆዷን ያሻሉ። በኋላ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጣ። «ማዘር...» አለኝ። ሰብለ እንዳረፈች ከዚያች ቃል አወቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ወለንጪቲ እነ ሰብለ ቤት ተነሳሁ። ውሃ አፈላሁ። የዱቄት ወተቱን በጥብጬ፣ ቀዝቀዝ ሲል ሕፃኑን በጡጦ አጠጣሁት። ድንኳን ተካዮቹ ሲመጡ በሩን ከፈትኩላቸው። ለባሏ ወንበር አቀረብኩለት። ሕፃኑ ርሶ ስለነበር ልብስ ልቀይርለት ነጠላውን አነሳሁ። ቋጠሮው በጣቴ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ሞከርኩ። ከዚያ ቢላ አምጥቼ ቆረጥኩት።

ትናንት ካሰርነው ሁሉ የጠበቀው እሱ ብቻ ነበር።