ለመስታወት ሣጥን የተዳረ ምላጭ

ትንሹ አጎቴ ከቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወደው «ክላሲክ» የሚለውን ነው። ወንበሩ ክላሲክ፣ ኮቱ ክላሲክ፣ ሳሉ ሳይቀር ክላሲክ። በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ትልቅ ሰዓት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቆመ ቆይቷል። «ለምን አታሠራውም?» ያልኩት ዕለት፣ ክፉ ቃል እንደ ተናገርኩ ሁሉ አፈጠጠብኝና «ከተሠራማ ምኑን ክላሲክ ሆነው!» አለኝ። የሰፈሩ ሰው በስሙ መጥራቱን ትቶ «ክላሲክ» ይለው ጀመር፤ እሱም ፌዙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ደረቱን ነፋ።

ስለ እሱ ልጽፍ አይደለም የተነሳሁት፤ ለወረቀቱም አዝናለሁ። የተነሳሁት ስለ ታላቅ እህቱ፣ ስለ አክስቴ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ ቅቤውን ላሳይ ብል ዝንቡም አብሮ ይነሳል።

አክስቴ ምላጭ ትስላለች። እንደ ቢላ እጀታው ውስጥ እየታጠፈ የሚገባውን፣ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙትን ረጅሙን ምላጭ። አያቴ ሲሞት ፀጉር ቤቱን ለወንድ ልጁ፣ የገዛ ምላጩን ለሴት ልጁ ተወ። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያው ፀጉር ቤት የኋላ ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የከተማውን ምላጭ ሁሉ ስትስል ኖረች። ያ መስኮት ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም። ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ወተት የረጋ ነው፣ አይሰክርም፣ አይቆጣም። አክስቴ ያለዚያ ብርሃን መሥራት አይሆንላትም። በደንብ የተሳለ ስለት አይታይም። የደነዘ ስለት ግን በብርሃኑ ውስጥ እንደ ነጭ ክር ብልጭ ይላል። «ካበራ ገና ነው» ትለኝ ነበር፣ ምላጩን ወደ መስኮቱ አዘንብላ።

ስትስል ቁጥር አትቆጥርም፤ ታንጎራጉራለች። ስንኙን ስትጀምር ምላጩ በውሃ በራሰው መሳያ ድንጋይ ላይ ይሄዳል፣ ቤቱን ስትመታ ይመለሳል። ምላጭን በድንጋይ ላይ ጀርባውን ሳይሆን አፉን አስቀድሞ ማስኬድ፣ ማለስለሻው የቆዳ ጠፍር ላይ ደግሞ የዚህን ተገላቢጦሽ ማድረግ፣ ይህን ሁሉ እጇ በዜማው ያስታውሳል።

ሂድ በለው ድንጋዬ፣ ና በለው ውሃዬ፤
ዓይኑ እስኪገለጥ፣ አይተኛም ሙያዬ።

የአያቴ ምላጭ ለዓይን ምንም አልነበረም። የቀንድ እጀታው ተሰንጥቆ በመዳብ ሚስማር ተይዟል፤ ብረቱ እንደ ዝናብ ደመና ጠቁሯል። ድሮ አውራ ጣት ያህል ይሰፋ የነበረው ስለት በየቀኑ ለድንጋዩ ራሱን እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ የሴት ትንሿን ጣት አክሎ ቀርቷል። ግን በጥፍር ቢመቱት እንደ ክራር ክር ይዘምራል፤ ጉንጭ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው አረፋው ሲሰነጠቅ ብቻ ነው። ክላሲክ የሚባል ነገር ካለ እንግዲህ ይህ ነው፤ እያለቀም ቢሆን በየማለዳው አዲስ መሆን የሚችል። አጎቴ ይህን የት ያውቀዋል! እሱ የሚያውቀው ዋጋ ያስወደደለትን አቧራ ነው።

ፀጉር ቤቱን አሳድሶ ሊያስመርቅ ሳምንት ሲቀረው ወደ ኋላ ክፍል መጣ። ጆሮውን ሲያክ አየሁት፤ ነገር ሊለምን ሲል ጆሮውን ያካል።

«እትዬ፣ የአባባን ምላጭ ለምርቃቱ ቀን አውሺኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«የሰፈሩን ባለሆቴል እላጭበታለሁ። ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በመስታወት ሣጥን እናስቀምጠዋለን።»

«ሬሳ ነው እንዴ?»

«ክላሲክ ነዋ!»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ የዋለ ነገር ምን ቆርጦት ሣጥን ይገባል?»

አጎቴ መስኮቱን አየ። «እዚህ ጋ የዓሣ ገንዳ ላስገባ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ካዋስሽኝ ግን ቦታሽን ማንም አይነካውም። በአባባ አጥንት!»

የገዛ እህቱን በብርሃኗ ያስያዘ ሰው ይኸውላችሁ። አክስቴ «ለአንድ ቀን» አለች፣ «ሣጥን ግን አይገባም።» ሦስት ጠዋት ሙሉ አንጎራጎረችለት። በሦስተኛው ቀን ስለቱ ከዓይን ጠፋ።

በምርቃቱ ዕለት ማልዶ ወሰደው። ሦስት ሰዓት ላይ ሲመልሰው ምላጩ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል።

«አየሽ? ጠቁሮ ያሳፍር ነበር። ብረታ ብረት ቤት ወስጄ በሞተር አስወለወልኩት!»

አክስቴ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ከስለቱ ዳር እስከ ዳር እንደ ገለባ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ በለዘ ጥፍር ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። ሞተሩ አግሎ አቃጥሎታል። ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ አስነካችው፤ ፀጉሩ ተጣጠፈ እንጂ አልተቆረጠም። ድንጋዩን በውሃ አርሳ ስንኙን ጀመረች። ድምፁ ሻካራ፣ እንደ ቆርቆሮ ነበር። ቤቱን ሳትመታ አቆመች።

«ሞቷል።»

«ምን ይሞታል! ፊትሽን አታዪበትም?»

«ምላጭ የፊት ማያ ነው?»

«እትዬ፣ ሰውዬው መጥቷል! ቆዳው ላይ ትንሽ አመላልሺው።»

«እስከ ነገ ባመላልሰው አይቆርጥም። ብረቱ ለስልሷል።»

አጎቴ ላብ አጠመቀው። በሩን ገፋ አደረገና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እንግዲያው ዝም በይልኝ። ትንፍሽ ካላልሽ መስኮቱ ያንቺ ነው። ከተናገርሽ ግን ነገውኑ ዓሦቹ ይገባሉ።»

ባለሆቴሉ ለዚህ ቀን ብሎ የሳምንት ጢም አሳድጎ በአዲሱ ወንበር ላይ ተንጋሏል። አረፋው እስከ ዓይኑ ደርሷል። አጎቴ ምላጩን ከፍ አድርጎ ለፎቶ ያዘው፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጉንጩ ላይ ቢያሳርፈው ባለሆቴሉ ዘሎ ተነሳ።

«ኧረ ሰውዬ! እየላጨኸኝ ነው እየነቀልከኝ?»

ሰው ሳቀ። አጎቴም አብሮ እየሳቀ ወደ መታጠቢያው ዞረ። ያንን የሚያብለጨልጭ ምላጭ በፎጣ ሸፍኖ፣ ለሁለት ተሰብሮ በፕላስቲክ መያዣ የሚገባውን፣ ተላጭተው የሚጥሉትን ተራ ምላጭ በመዳፉ ደብቆ ተመለሰ። እኔ አየሁ፤ በሩ ላይ የቆመችው አክስቴም አየች። በሁለት ደቂቃ ሰውዬውን ሙልጭ አደረገው።

ባለሆቴሉ ጉንጩን አሻሸ። ዓይኑ በደስታ ጠበበ። «አያችሁ? የድሮ ነገር እኮ ሌላ ነው! እንደ ሐር!» አለና አክስቴን አያት። «እርስዎ ነዎት አሉ የሳሉት፤ የአባትዎ ምላጭ ነው አሉኝ።»

አጎቴ ከሰውዬው ትከሻ በላይ ዓይኑን ተከለባት።

«የላጨዎትስ ጎበዝ ነው» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ነገ ጠዋት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ፈልገው ያመስግኑት። የአባቴ እዚያ ፎጣው ሥር ነው፤ ወንድሜ አቃጥሎ ገድሎታል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መሰላቸው! ባለሆቴሉ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ፣ «እናንተ ቤተሰቦች፣ ጨዋታ አዋቂዎች ናችሁ» እያለ እንባውን ጠረገ። እውነትን ሳይሸፋፍኑ ቢያቀርቡላቸው እንኳ የማያውቋት፣ ተራውን ምላጭ በወርቅ ቃል የሚያሞግሱ ለስላሳ ጉንጮች!

አጎቴ ተከትሏት ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ፊቱ በርቷል። «አልገባቸውም እኮ፤ ተረፍን! ቃሌ ቃል ነው፣ መስኮቱ ያንቺ ነው።»

እሷ ድንጋዮቿን በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልል ነበር። «ለዓሦችህ ይሁን።»

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ምላጩንስ?»

«ሣጥንህ ውስጥ አስገባው» አለችው። «ትመሳሰላላችሁ።»

አሁን በቤቷ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ትሠራለች። ብርሃኑ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤት ግድግዳ ይውጠዋል። ስለዚህ የድሮ ሥራዋን ግማሽ እንኳ አትሠራም፤ ከሰዓት በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። የአጎቴ ፀጉር ቤት ግን ሰው ይጋፋበታል፤ ለሣጥኑ ትንሽ አምፖል ሳይቀር ገዝቶለታል።

ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷ ዘንድ ሳለሁ ከአጎቴ ተቀጣሪዎች አንዱ፣ ሸበቶ ፀጉር አስተካካይ፣ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ከኮቱ ሥር የራሱን ምላጭ አወጣ። «ጌታዬ እንዳይሰማ» አለ አንገቱን ሰብሮ፣ «ያ ተላጭተው የሚጥሉት ምላጭ የሽማግሌ ቆዳ ላይ አይሆንልኝም።» እኔ ብሆን ምላጩን ከደረጃው ቁልቁል እወረውረው ነበር፤ በምርቃቱ ቀን ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። ይህንኑ ፊት ለፊቱ ነገርኳት።

«ምላጩ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ተቀብላው ገለጥ አደረገችና ወደ ግድግዳው ጥላ አየች። «ዛሬ አይታየኝም፤ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ» አለችው፣ እጥፍ አድርጋ መስኮቱ ደፍ ላይ እያስቀመጠችው።